ካስማ ያዥ

ቀን ቀን ካስማ እይዛለሁ፣ ከአዳማ ጫፍ፣ ከቦኩ በር፤
ማታ ማታ ደብተር ይዤ፣ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ወንበር።
ጥፍሬ ሥር ቀይ ቀለም አለ፣ የካስማ አናት የቀባሁበት፤
እጅጌዬ ላይ የጠመኔ ብናኝ፣ ሰሌዳውን የጠረግሁበት።

መምህር ወልደየስ መብራት ቢሄድ አይደነግጡም፤
በስልክ ብርሃን ይጽፋሉ እንጂ ከክፍል አይወጡም።
ትናንት አሜሪካን ሳሉ፤
ከምሥራቁ ዳር አሥራ ሦስት ጠባብ ቤት ከፋፈሉ፤
ከላይ እስከ ታች አንድ ወንዝ፣ እንደ እባብ አጥመልምለው፣
"ሚሲሲፒ!" አሉ፣ ጠመኔው እስኪሰበር ጠቅ አድርገው።
ከወንዙ ወዲያ ባዶ ነው።
ባዶ መሆኑን ያየው ማን ነው?

"በፈረንጆቹ አሥራ ስምንት መቶ ሦስት ፈረንሳይ ይህን ሸጠ፤
ለአሥራ አምስት ሚሊዮን ዶላር፣ አገሩ በፊርማ ተለወጠ።"
ከኋላ ባጃጅ ነጂው ኡስማን
"ካሬው በስንት ሄደ?" አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጠ።
መምህሩ አልሳቁም።

ቀጠሉ፦ እንግሊዝ በባሕር ላይ መርከበኛ ጠልፋ ስትወስድ፣
የምዕራቡ ሰፋሪ ደግሞ ካናዳን በምኞቱ ሲያጭድ፣
ጦር ሆነ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ። የፕሬዚዳንቱም ቤት ነደደ።
የጫካው ባለ አገር፣ "መሬቴን ካስጣለልኝ" ብሎ፣
ከእንግሊዝ ጎን ቆሞ ወደቀ፣ የራሱን ጥይት ቆጥሎ
ሳይጨርስ።

ጌንት በምትባል ከተማ፣ በገናቸው ዋዜማ ምሽት፣
ስምንት ሰዎች ፈረሙ፣ ባለ ወርቅ ቁልፍ ካፖርት።
"ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለስ" ይላል የውሉ ቃል።
ደብዳቤው በመርከብ ሆኖ ገና ባሕር ላይ ሳለ፣
ኒው ኦርሊንስ ጭቃ ውስጥ፣ ባለቀ ጦርነት፣
ስንቱ ገደለ፣ ስንቱ ተገደለ።

"ለጫካው ሰዎችስ?" አልኩ።
"ለእነሱም አንድ አንቀጽ አለ። መሬታችሁ ይመለስ ይላል።"
"ተመለሰላቸው?"
የሰሌዳውን ጥግ በክርናቸው አበሱ።
"ወረቀት" አሉኝ፣ "ብዙ ነገር ይላል።"

ጠዋት ነፋሱ ከተርባይኖቹ ኮረብታ ቁልቁል ይወርዳል።
ኢንጂነሯ በሦስት እግሩ መሣሪያ አንድ ዓይኗን ጨፍና ታያለች፤
"ግራ... ግራ... ትንሽ ቀኝ... እዛው!" እጇን ታወርዳለች።
እኔ የቆምኩት ከኦቦ ሌንጂሳ ጤፍ መሃል ነበር፤
ሲባጎው በአባታቸው መቃብር ድንጋይ ላይ ሲወጠር።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።
ከዘራቸውን ተደግፈው ሲባጎውን በጣት ነካ አደረጉት፤
ድምፅ አወጣ፣ እንደ ክራር።
"ልጄ፣ አንተ ፊደል አለህ። ከዚህ ክር በየት በኩል ነኝ?"
"ካሳ አለ" አልኩ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝ።
"ካሳማ አለ። ስለ እኔ ተሰብስበው ነበር አሉ፣ አዳራሽ ውስጥ።
እኔ የዚያን ቀን በሬዬ ጠፍቶ፣ ወንጂ ድረስ ስፈልግ ነበር።
ናዝሬት ሲሏትም አርሻለሁ፣ አዳማ ሲሏትም አርሻለሁ፤
ስሟ ሲቀየር ጤፌ አልሰማም ነበር።"

ሐሙስ ፈተና። ጥያቄ ሰባት፦
"ከጦርነቱ አሸናፊ ሆኖ የወጣው ማን ነው?"
ሀ፣ አሜሪካ። ለ፣ ብሪታንያ። ሐ፣ ሁለቱም። መ፣ ማንም።
አንዱንም አላከበብኩም።
ከጎኑ በእስክሪብቶ፦ "ኦቦ ሌንጂሳ ተሸነፉ።"
መምህር ወልደየስ ዜሮ ሰጡኝ። ጥርት ያለች፣ ክብ ዜሮ፤
ውስጧ ግን በቀይ፣ በደቃቁ፣
"የት ነው የሚያርሱት?" ብለው ጻፉ።

አርብ ተጠራሁ። የቀን አራት መቶ ብር። መዶሻ አነሳሁ።
ከመቃብሩ አጠገብ አንዲት ካስማ የለችም፤
ጉድጓዷ ብቻ አፏን ከፍታለች።
"ማን ነቀላት?" አለች ኢንጂነሯ።
ነፋሱን አየሁት። ነፋሱም እኔን።
ኦቦ ሌንጂሳ ከማዶ፣ በሬያቸውን ያሻሹ ነበር።

ሌላ ተከልኩ።
ቀዩን ቀለም ረስቼው መጥቼ ነበር።